የእኔ ቀልድና የሔራን ክሊንጎን

ሚያዝያ 23
ስጠግነው የሰነበትሁት የደልጊው ጀልባ ሞተር ተነሣልኝ። ከዚያ እህቴ እማዋይሽ ቤት፣ የጊዮርጊስ ማኅበር። ልጇ ሔራን ጓዳ ሆና ያን ክሊንጎኗን ጮክ ብላ ታጠናለች። ከፊልም የመጣ ቋንቋ ነው፤ ከጀመረችው ሁለት ዓመት ሆናት። ማኅበርተኞቹ "ምንድን ነው የምትለው?" አሉ። "አይ፣ አንዳንዴ ይነሣባታል" አልሁ። ሳቁ... ሁሉም ግን አልሳቁም መሰለኝ።

ሚያዝያ 25
እማዋይሽ የልጅቱን ስልክ ነጥቃታለች። ግንቦት 12 አንበሳሜ በኩል ጠበል ልትወስዳት ነው፤ ለአንድ ወር።
"ቀልዴን እኮ ነው።"
"በልጄ ትቀልዳለህ?"
"የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋስ?"
"ጤና ይቀድማል።"
ሔራን በር ላይ አለፈችኝ። ጋሼ እንኳ አላለችኝ።

ሚያዝያ 26
የንስሐ አባታቸው ቀሲስ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ዘንድ ሄድሁ። "ቋንቋ ነው፣ ሕግ አለው" አልኋቸው።
"አንተ ታውቀዋለህ?"
ብቻዋን የምትናገረው ከሆነ ማን ያምናታል? "አዎ" አልሁ።
"እንግዲያው ግንቦት 11 ተነጋገሩና ልስማ።"
አሁን ምን ይሻለኛል?

ሚያዝያ 29
ሞተርም በራሴ ነው የተማርሁት፤ ክሊንጎኑንም ከስልኬ ጀመርሁት። ይህን ሰዋስው ያወጣው ሰው ግን ምን በድለነው ነው? መጀመሪያ የሚበላው፣ ቀጥሎ መብላቱ፣ በላተኛው መጨረሻ። እኔ ቢያዝን ቆሮሶ ዓሣ ብበላ፣ "ቆሮሶ በላ ቢያዝን" ነው። በገዛ ምሳዬ ዓሣው ይቅደመኝ?

ግንቦት 3
ብዙ ቁጥሩ ሦስት ዓይነት። ለሚናገር አንድ፣ ለአካል ክፍል አንድ፣ ለተረፈው አንድ። ግሱ ፊት ደግሞ ማን ማንን እንዳደረገ የሚናገር ቅጥያ... ሃያ ዘጠኝ። ሞተሩ ሥር ተኝቼ የክሊንጎኑን ድምፅ ላወጣ ጉሮሮዬን ስፍቅ ዓሣ አጥማጁ ገድሉ መረቡን ጥሎ መጣ። "አጥንት ተሰንቅሮብህ ነው?" ጀርባዬን ደለቀኝ።

ግንቦት 8
ጥያቄ ጽፌ በሔራን በር ሥር አሾለክሁ። መልስ የለም። ይገባኛል።

ግንቦት 11
መሪጌታ ተቀመጡ። እማዋይሽ እጇን አጣምራ ቆመች። ያጠናኋቸውን አራት ዐረፍተ ነገሮች ጀመርሁ። ሔራን መሬት መሬት ታያለች። ሁለተኛው ላይ ከንፈሯን ነከሰች። ሦስተኛው ላይ አልቻለችም።
"ኧረ አይደለም። ቅጥያው ሌላ ነው። እንደገና።"
ደገምሁ።
"እንደገና።"
በላብ ተጠመቅሁ። ስድስት ጊዜ አስደገመችኝ። መሪጌታ በመቋሚያቸው ወለሉን እየነኩ ይቆጥሩ ነበር።
"እኔም ቅኔ ቤት እንዲህ ነው ያሳሩኝ" አሉ። "እማዋይሽ፣ ይህ ትምህርት ነው። ስልኳን መልሽላት።"
ሊወጡ ሲሉ ዞሩ። "ጠበሉን ግን አትተዪው። ወንድምሽ ሰባት ቀን ይጠመቅ፤ ለአፉ።"

ግንቦት 14
ሦስተኛ ቀኔ። ውሃው ይበርዳል። ሔራን ፎጣዬን ይዛ ቆማለች።
"ጋሼ፣ አራተኛውን ዐረፍተ ነገር እኮ አላደረስኸውም ነበር።"
እየተንቀጠቀጥሁ አልሁት። ይቅር በይኝ የሚለው ነው። ሳልሳሳት እንዳልቀረሁ አውቃለሁ። አላረመችኝም።
ወረፋ የሚጠብቁ አንዲት እናት ደንግጠው "ምን ሆኖ ነው?" አሏት።
"አይ፣ አንዳንዴ ይነሣበታል።"
ፎጣዬን ከእጇ ተቀብዬ አፌን አበስሁ።