ይጥበቅ ወይስ ይላላ?

ለተከበሩ የሕክምና መሣሪያዎች ፈቃድ መምሪያ ኃላፊ፣
ባሉበት፤ ስብሰባ ላይ ከሆኑም እዚያው።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እየጠየቅኩ፣ ትንፋሽዎ የማንንም ፊርማ ሳይጠብቅ እንደ ልቡ ሲገባና ሲወጣ እንዲኖር ከልብ እመኛለሁ። እኔም ደህና ነኝ ማለት ወግ ነበር፤ ነገር ግን በመምሪያዎ መዝገብ ውሸታም ተብዬ ስለተጻፍኩ ከእንግዲህ ለምናገረው ሁሉ እጠነቀቃለሁ።

እኔ የመተንፈሻ ማሽን ጠጋኝ ነኝ። አባቴ ሳንባቸው ደክሞ ቤት ውስጥ በኦክስጅን ማሽን ነው የሚተነፍሱት። በማሽኑ ሆድ ውስጥ ባለችው ትንሽ ቦርድ ላይ የተጫነው፣ ማሽኑን የሚያዘው አሮጌ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ግን ባሻው ሰዓት ስታክ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ አየር መስጠቱን ያቆማል። እናቴ አረንጓዴዋን መብራት እያየች ትውላለች፤ መብራቷ ስትጠፋ ገመዱን ነቅላ መልሳ ትሰካለች። እንዲህ ያለ ማሽን ያለበት ቤት ብዙ ነውና፣ እኔና ባልደረባዬ ለዚያች ቦርድ በልኳ አዲስ ሲስተም አዘጋጅተን ፈቃድዎን ለመንን። ከዚያ በኋላ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ቅጽዎ ላይ «ሲስተሙ የሚሠራበት መሣሪያ» የሚል ክፍት ቦታ አለ። እኔ ሞኙ አላልቼ አነበብኩትና፣ ተጭኖ ሥራውን የሚሠራበት መስሎኝ «የኦክስጅን ማሽኑ ቦርድ» ብዬ ሞላሁ። እርስዎ ደግሞ አጥብቀው አነበቡት፤ ለካ እኛ ሠሪዎቹ የምንሠራበትን ኖሯል የጠየቁት! ተቆጣጣሪዎችዎ መጥተው በትልቅ ኮምፒውተር ላይ ስንሠራ ሲያገኙን፣ ሐሰተኛ መረጃ ሰጥታችኋል ብለው ኮምፒውተሩን ከነክፍሉ አሸጉት። ፊደላችን የጠበቀውን ከላላው አለመለየቱ የኔ ጥፋት ነው፤ ደውዬ መጠየቅ ነበረብኝ፣ ስልክዎ የሚነሳ ቢሆን።

2ኛ. እንግዲያው በጻፋችሁት መሣሪያ ላይ ሥሩት ብለው ስላዘዙን እግዜር ይስጥልን። ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽን ወደሚገባው ቋንቋ መለወጥ ኮምፓይል ማድረግ ይባላል። የቦርዷ አቅም ለዚህ ስለማይበቃ፣ በትልቁ ኮምፒውተር ላይ እሷ በሚገባት ቋንቋ ለውጠን እንጭንባታለን፤ ይህም ክሮስ ኮምፓይል ይባላል፣ የኛ ፈጠራ አይደለም። ጫማ ሰፊም ጫማውን ደንበኛው እግር ላይ አይሰፋም። ቢሆንም የቸገረው እርጉዝ ያገባልና እንደ ትእዛዝዎ ሞከርን። ቦርዷ ትጀምራለች፣ ትግላለች፣ ሜሞሪዋ ይሞላል፣ ቀጥ ትላለች። እንደገና ብናስነሳትም ያው ነው። ዝምተኛው ባልደረባዬ ወይ ነዶ ብሎ በሩን ጎትቶ ወጣ።

3ኛ. የቅጹን ስሕተት እናርም ብለን ስንመጣ፣ የሕግ ክፍልዎ ማስረጃ የሚሆነው ፋይል ታትሞ ይቅረብ አለን። ፋይሉ ያለው በታሸገው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። እሽጉን ለማንሳት ደግሞ መጀመሪያ ስሕተቱ መታረም አለበት። ነገር ቢያበዙት በአህያ አይጫንም ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ያልተፈቀደ ሲስተም የተጫነበት ማሽን እንደሚወረስ በራችን ላይ ለጥፈውልናልና፣ እሽጉን ቀድጄ፣ ሰርቄ እንኳ እንዳልጭን በአባቴ ትንፋሽ ቁማር መጫወት ሆነብኝ።

4ኛ. ይህኛው አቤቱታ የእናቴ ነው፤ የቀረበውም ለእርስዎ ሳይሆን ለኔ ነው። ሠርቼ ጨረስኩ ካልክ ለምን አይሠራም አለችኝ። ሲስተሙ ከእሽግ በስተጀርባ ተኝቷል፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብኛል። ትናንት ገመዱን ስትሰካ አባቴ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቋት ነበር። ማሽን ጠጋኙ ልጅ አጠገባቸው ተገትሬ አየሁ። ጨንቆኛል፣ ክቡር ሆይ። እዚህ ቁጥር ሥር የምጽፈው ምስጋና ፈልጌ አጣሁ።

ለውሳኔዎ ፍጥነት ባይሆንም ለውሳኔዎ ጽናት ያለኝን ጥልቅ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ መስኮትዎም ነፋሻ አየር እንዲያስገባልዎ እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ፣
በመዝገብዎ ውሸታሙ ጠጋኝ

ሳልጽፍ የቀረሁት፦ ማመልከቻው እንዳይዘጋ ሕመምተኛው በሕይወት መኖራቸውን በጽሑፍ አረጋግጥ ተብያለሁና፣ ይኸው አረጋግጫለሁ፦ አባቴ አሉ። ይህችን ቃል እባክዎ አጥብቀው ያንብቡልኝ። ከላላች፣ ጎረቤት «ነበሩ አሉ» ሲል የሚላት ትሆናለች።