የልብስ ሰፊዋ ሮዝ ቲማቲም

እኔ የአናጢው ሚስት የነበርኩ፣ እሱን ከቀበርኩ ዘጠኝ ዓመት የሆነኝ ሴት፣ ዛሬ ሚያዝያ አሥራ ስድስት ቀን ጠዋት፣ እግሬ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይዛነፍ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ መኝታ ቤቴ በተቀመጡት ሦስት ምስክሮች ፊት ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ መምህሩ ነው። ፊደል የለየሁት ዘር ከምጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ስለሆነ፣ ሲያበቃ ራሴ አንብቤ እፈርማለሁ።

ቤቱንና ዕቃውን ሁለቱ ልጆቼ እኩል ይካፈሉ። በዚህ አይጣሉም። የሚጣሉት በጓሮው ነውና እሱን ለይቼ እናገራለሁ።

ትልልቆቹ ሥጋማ ቲማቲሞች አራት ዓይነት ናቸው፤ ዘራቸውን በየዓመቱ ከየራሳቸው ፍሬ ስይዝ ኖሬያለሁ። ቀዩ ለልጄ ለነርሷ ይሁን፤ ቶሎ ይደርሳል፣ አንቺም መጠበቅ አትወጂም። ጥቁሩ ለወንድሟ ለሾፌሩ። ውሃ ረስተህ ሰንብተህ አንድ ቀን ብታጥለቀልቀው ግን ቆዳው ይሰነጠቃል፤ ካቃተህ ለእህትህ ስጥ፣ አትኩራ። ቢጫውን ለጠየቀ ሁሉ ስጡ። በረንዳ ብቻ ላለው ሰው ግን ይቅርበት፤ ከሰው ቁመት ያልፋል፣ ባልዲ አይችለውም።

አራተኛው ሮዙ ነው። ልጄ ከግርጌዬ ሆና “እማዬ፣ እሱን ለእኔ ብለሽኝ አልነበር?” ትላለች። ብዬ ነበር። የራሴ ግን አይደለም።

የሮዙ ባለቤት መስኮቱ አጠገብ ለምስክርነት የተቀመጠችው ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ናት። ባለቤቴ ተክሏን ሊያስርላት ይሄድና ሲመለስ፣ “የእሷ ቲማቲም እኮ አንዱ ቁራጭ ሳህን ይሞላል” ይለኝ ነበር። በመካከላቸው ክፉ ነገር እንዳልነበረ ያኔም አውቃለሁ። ማወቄ ግን አላሳረፈኝም። እናቷን ልታስታምም ስትሄድ ዘሯን አደራ ሰጠችኝ። ግማሹን አስቀረሁ። የቀረውን የፈላ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ አድርቄ፣ በዚያው ወረቀት ጠቅልዬ መለስኩላት። አንድም አልበቀለም። “እጄ ነው የማይረባው” ብላ ጓሮዋን ለሣር ተወችው። እኔም “አይዞሽ” አልኳት።

ያስቀረሁትን ተክዬ “ከሩቅ ዘመድ መጣልኝ” አልኩ። ባለቤቴ ቀመሰ፣ አላመጠና፣ “ጥሩ ነው፤ የልብስ ሰፊዋን ግን አያክልም” አለ። ያንኑ ቲማቲም! ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የሮዙ ዘር በሙሉ ለልብስ ሰፊዋ ይመለስ።

እዚህ ላይ መምህሩ ብዕሩን አንሥቶ፣ “እማማ፣ በኑዛዜው የሚያገኝ ሰው ምስክር አይሆንም። ወይ ትፈርማለች፣ ወይ ዘሩን ትወስዳለች” አለኝ። ስሟ አስቀድሞ ከወረቀቱ ግርጌ ተጽፏል።

ያለችውም ይጻፍ። “አንቺ ሴትዮ፣ ይህን ሁሉ ዓመት በሳህን እየሸፈንሽ የምትልኪልኝ የራሴን ቲማቲም ነበር?”

“አዎ።”

“እኔ ደግሞ እየመረቅሁሽ!”

“አዎ።”

ከመስኮቱ ተነሥታ መጣች። ከዚያ ብዕሩን ከመምህሩ እጅ ወስዳ የራሷን ስም ሰረዘች። ይቅር አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። መስመሩ እንደ ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው። በዚህም ቀናሁባት።

አንብቤዋለሁ፣ ቃሌ ነው፦ የአናጢው ሚስት፣ ፊርማ።

ምስክሮች፦
የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት፣ ፊርማ።
ዳቦ ጋጋሪው፣ ፊርማ።
ልብስ ሰፊዋ፣ በራሷ እጅ ተሰርዟል።
በምትኳ ጸሐፊው መምህር፣ ፊርማ።