ባለ እግሩ ጊታር

ሰኞ

አገኙት። አልጋ ሥር የነበረውን ረጅም ሳጥን አገኙት።

ቀበሌው ቤት ለቤት እየዞረ ንብረት እንደሚመዘግብ ሰምቼ ነበር። ግን የተወረሱትን ቪላዎች ብቻ መስሎኝ ነበር። እኔ ያለሁት ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ ሁለት ወንበር፣ በቃ። የቀበሌው ጥበቃ ደምሴ ግን ጎንበስ ብሎ አየና ሳጥኑን ጎትቶ አወጣው።

"እትዬ ወይንሸት፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"ጊታር ነው።"

"ጊታር እግር አለው እንዴ?"

አለው። አራት የብረት እግር፣ ከሥሩ በእግር የሚረገጡ ፔዳሎች፣ ከጎኑ የኤሌክትሪክ ገመድ። አይታቀፍም፤ እንደ ጠረጴዛ ቆሞ ነው የሚመታው። አብሮት የመጣው ወጣት ገመዱን እያገላበጠ "ከውጭ ጋር መነጋገሪያ ሬዲዮ ነው እንጂ!" አለ።

ዓርብ ቀበሌ ቀርቤ የማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ለሊቀመንበሩ ማስረዳት አለብኝ።

እኔ መች አውቄው! ባሌ ታደሰ ኤሌክትሪሺያን እንጂ ሙዚቀኛ አልነበረም። ያመጣው ቀን "የሰው አደራ ነው፤ አትጠይቂኝ" አለኝ፤ አልጠየቅኩትም። ባለፈው ክረምት ጉበቱን ታሞ ሞተ። አደራው እኔ ላይ ቀረ።

ማክሰኞ

ራሴን አሞኛል ብዬ ከመሥሪያ ቤት ወጣሁ። ውሸትም አይደለም።

ጋሽ ለማን አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ አገኘሁት። ከታደሰ ጋር አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ያረጀ ሰው ነው። ጊታር ስለው መጀመሪያ ዞር ብሎ ኋላውን አየ።

"ያ የሚያለቅሰው ጊታር? እስካሁን አለ?"

ከአብዮቱ በፊት ቦሌ ይኖር የነበረ አንድ የውጭ ሚስዮናዊ ነው ከአገሩ ያመጣው። ሲበላሽበት ታደሰ ጠገነለት። ሰውየው አገር ሲለቅ ማቴዎስ ለሚባል ልብስ ሰፊ ሰጠው፤ አጨዋወቱንም ያስተማረው እሱ ነው። ማቴዎስ ገርጂ አንድ የጸሎት ቤት ውስጥ ይጫወትበት ነበር። በተበላሸ ቁጥር ታደሰ እየሄደ ይጠግን ነበር።

"የጴንጤዎች ነው ማለት ነው?"

"ኧረ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ! ሚስቱ እዚያው ገርጂ አለች። ከዚህ በላይ እኔን አትጠይቂኝ፤ የልጆች አባት ነኝ።"

መንገዱን ሁሉ ሳሰላስል መጣሁ። ታደሰ ጴንጤ ነበር? ሲጾም አብሬው ጾሜያለሁ። ቤተ ክርስቲያን አብረን ስመናል። ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ እንዴት ይህን አላውቅም?

ረቡዕ

ገርጂ። ጭቃው ጫማዬን ሊያስቀረው ነበር። የጸሎት ቤቱ ታሽጓል፤ መስኮቶቹ ላይ ጣውላ ተመቶባቸዋል። ቆሜ ማየት ፈርቼ አለፍኩ። ልብስ ላሰፋ ነው እያልኩ ጠይቄ ቤቱን አገኘሁት።

የማቴዎስ ሚስት አዳነች ትባላለች። ገና ልጅ ናት። ሲንጀር የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ነበር።

"ማቴዎስ የለም" አለችኝ። ጊታር የሚባል ነገርም አታውቅም። ከቀበሌ የተላክሁ መስያታለሁ። ልወጣ በሩ ጋ ስደርስ "የታደሰ ሚስት ነኝ" አልኳት።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ።

"ጋሽ ታደሰ! ደህና ናቸው?"

መሞቱን አልሰማችም። ስነግራት ፊቷን በምትሰፋው ጨርቅ ሸፍና አለቀሰች። የማላውቃት ሴት ለባሌ እንዲህ ስታለቅስ እኔም አልቻልኩም። ለቅሶ የደረሰችኝ ያህል ሆነ።

የጸሎት ቤቱ የታሸገ ዕለት ማቴዎስን ወሰዱት። ይኸው እስካሁን እስር ቤት ነው። ያን ዕለት ታደሰ በመሥሪያ ቤቱ መኪና መጥቶ ጊታሩን በሸራ ጠቅልሎ ወሰደው።

"ታደሰ ከእናንተ ነበር?" አልኳት።

"አልነበሩም። ጠግነው ሲጨርሱ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ማቴዎስን ይወዱት ነበር።" ዓርብ ቀበሌ እንደምቀርብ ስነግራት እጄን ያዘች። "እትዬ፣ ማቴዎስ ከፈረንጅ የተቀበለው ነው ብለው ከነገሯቸው ሰላይ ይሉታል። እባክዎ።"

ምንም ቃል ሳልሰጣት ወጣሁ።

ሐሙስ

ወንዝ ልጣለው? ማን ይሸከምልኛል። ደግሞም አይተውታል፤ የት አደረስሽው ቢሉኝስ?

አላውቅም ልበል? አልጋሽ ሥር ያለውን አታውቂም ይሉኛል።

እውነቱን ልናገር? ያቺ ልጅ ገርጂ ተቀምጣለች።

መሥሪያ ቤት አንዱን ደብዳቤ ደጋግሜ ታይፕ አደረግሁት፤ ደጋግሜም አበላሸሁት። ታደሰ ላይ ተናድጃለሁ። ሞቶም ተናድጄበታለሁ። ብትነግረኝ ምን ነበረበት?



ዓርብ

ደምሴና ያ ወጣት ሳጥኑን ተሸክመው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የሰፈሩ ሰው ቆሞ ያየናል። አስከሬን የምሸኝ መሰለኝ።

ሊቀመንበሩ "የማን ነው?" አለኝ።

"የባሌ።"

"ከየት አመጣው?"

"ኤሌክትሪሺያን ነበር። አገር ለቆ የሄደ ፈረንጅ ጥገና አሠርቶት ሳይወስደው ቀረ።" ማቴዎስ የሚለው ስም ምላሴ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት።

የቀበሌውን ኪነት ቡድን አኮርዲዮን ተጫዋች ጠርተው ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኙት። ልጁ ክሩን ነካ፣ ፔዳሉን ረገጠ። ጊታሩ እንደተረገጠች ድመት ጮኸ። ቢሮው በሳቅ ሞላ። ልጁ እንደገና ሞከረ፤ ባሰ። ሊቀመንበሩ እንባውን እየጠረገ "ይሄማ ለቀረርቶ አይሆንም!" አለ።

ከዚያ ሳቁን አቆመና አየኝ። "ውሰጂው። ግን ተመዝግቧል፤ ከቤትሽ እንዳይወጣ።"

ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እንባም ሳቅም አልመጣልኝም።

እሑድ

አዳነች ቤቴን ጠያይቃ መጣች። መታሰሬን አለመታሰሬን ለማየት ነው። የሆነውን ነገርኳት። ልትወስደው እንደማትችልም ነገርኳት። አንገቷን ደፋች።

"ልየው ብቻ" አለች።

አወጣነው። እግሮቹን እሷው ገጠመቻቸው። ማቴዎስ ማታ ማታ ያስተምራት እንደነበር ነገረችኝ። ደነገጥኩ፤ ጎረቤት ይሰማል አልኳት። "መብራት ካልሰካንበት አይሰማም" አለችና ሳጥኑ ውስጥ ከነበረው ጨርቅ ለስላሳ ብረት አውጥታ ክሮቹ ላይ ታንሸራትተው ጀመር።

እውነትም አይሰማም። ወንበሬን አስጠጋሁ፤ አሁንም ትንሽ። ጆሮዬን እንጨቱ ላይ ሳደርግ ነው የሰማሁት። ሰው አፉን ዘግቶ የሚያንጎራጉር ይመስላል። አንዱ ድምፅ ሳይቋረጥ ወደ ሌላው ይፈስሳል። በውጭ ሰዎች እያወሩ አለፉ፤ አዳነች እጇን አላነሳችም፤ እኔም ጆሮዬን አላነሳሁም። ታደሰ በር ላይ ቆሞ የሚሰማው ይህንን ነበር።

ስትወጣ "በሚመጣው እሑድ ብመጣ ይቆጣሉ?" አለችኝ።

"ነይ" አልኳት። አፌ ቀደመኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም፤ ደምሴ ቢያያት፣ ማን ናት ቢለኝስ?

ቀሚስ እያሰፋሁ ነው እለዋለሁ። ጨርቁን ነገ እገዛለሁ።