ከጉልበት በታች የተሰቀለው የገና መብራት

ሐሙስ ከሰዓት፣ ገና ሊገባ ሳምንት ሲቀረው

ለውዷ ልጄ፣ ለሩቋ አለቃዬ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። በስልክ እንደምልሽ ዓይነት ደህና እንዳይመስልሽ፤ የእውነት ደህና ነን። ይህን በስልክ ብነግርሽ አፍታ ሳትቆዪ አቋርጠሽኝ ስለ ደረጃው ትጠይቂኛለሽ። ደብዳቤ ግን አያቋርጡትም። እንግዲህ ተቀመጪና እስከ መጨረሻው አንብቢው።

የላክሽው ካርቶን ደርሷል። መብራቱም፣ የሚያብረቀርቀው ክርም፣ የወረቀት ኮከቦቹም አንድ ሳይሰበር፣ አንድ ሳይጨማደድ ገብተዋል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ከላዩ የጻፍሽውንም አንብቤዋለሁ፦ "እማዬ፣ ቤቱን ደመቅ አድርጊው፤ አባባ እዚያ ቤት የሚያሳልፈው የመጨረሻ ገና ነው።" አልደብቅሽም፣ አናደደኝ። አባትሽ ወደ ማድቤት በሚያወርደው ደረጃ ላይ ከወደቀ ወዲህ የአረጋውያን መኖሪያውን አነጋግረሽ፣ ክፍል አስይዘሽ፣ ከበዓሉ ማግስት መጥተሽ ልትወስጂው ቆርጠሻል። ከክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ፈርተሽ ነው። እኔም ፈርቼ ነበር። በገዛ ቤቱ መኝታ ቤቱ የት፣ ማድቤቱ የት እንደሆነ የሚጠፋውን ሰው በዚህ ጉልበቴ እስከ መቼ እጁን ይዤ እመራዋለሁ? ያም ሆኖ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ደግሞ የያዝኩት ባሌን ነው።

ሰኞ ጠዋት ከጎረቤታችን ከልብስ ሰፊው መሰላል ተውሼ ሥራ ጀመርኩ።

"እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዎ መሰላል ላይ?" አለኝ።

"አንተ መሰላሉን ያዝ፤ ዕድሜዬን እኔ እይዘዋለሁ" አልኩት።

እሱ ከታች እየያዘ እኔ ከላይ ሚስማር እየመታሁ፣ ካርቶኑ ላይ እንዳለው ፎቶ ኮሪደሩን በሙሉ ከጣሪያው ሥር መብራት ሰቀልኩበት። ያ መስኮት የሌለው፣ በቀትር እንኳ የሚጨልመው ኮሪደራችን እንዴት አማረበት መሰለሽ! አባትሽ ከመኝታ ቤት ወጣ፣ ቀና ብሎ አየ፣ ሳቀ። እንዳንጋጠጠ እየሳቀ ሄደና ከጫማ መደርደሪያው ጋር ተላተመ። አትደንግጪ፣ ትንሽ እግሩን ነው። ልብስ ሰፊው ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን አዞረ። እኔ ግን አልሳቅኩም። "በቃ፣ ልጄ ልክ ልትሆን ነው" አልኩ ለራሴ።

በንዴት መብራቱን ጎትቼ አወረድኩት። ከሶኬቱ እንኳ አልነቀልኩትም፤ እንደበራ ወለሉ ላይ ከመኝታ ቤቱ እስከ ማድቤቱ ተጋድሞ ቀረ። መሰላሉን ልናወጣ ስንል አባትሽ እንደገና ብቅ አለ። ቁልቁል አየ። ከዚያ ምን አደረገ መሰለሽ? የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ፣ ጀርባውን ቀጥ አደረገና መብራቱን ተከትሎ፣ ግድግዳ ሳይደግፍ፣ እስከ ማድቤቱ በር ሄደ።

ያኔ ነው የገባኝ። አንቺ ስትወለጂ ሥራውን ቀይሮ ስለነበር አላየሽውም እንጂ፣ አባትሽ ወጣትነቱን የጨረሰው ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው። ፊልሙ ተጀምሮ አዳራሹ ሲጨልም፣ አርፍዶ የመጣውን ሰው በባትሪ እየመራ ወንበሩ ድረስ የሚያደርሰው እሱ ነበር። እዚያ አዳራሽ መብራቱ ጣሪያ ላይ አይደለም፤ በመተላለፊያው ዳርና ዳር፣ ከእግር ሥር ነው። ደረጃ ያለበት ቦታ ደግሞ ቀይ ይሆናል። ጭንቅላቱ የጣለውን እግሩ ይዞት ኖሯል!

መሰላሉ አላስፈለገንም። ልብስ ሰፊውን አስቀረሁትና ሁለታችንም ተንበርክከን መብራቱን ከጉልበት በታች በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጠፍነው።

"እትዬ፣ ዘንድሮ ገናን የሚያከብሩት ድመቶች ናቸው እንዴ?" አለኝ።

መጀመሪያ ብልጭ ድርግም እንዲል አድርገነው ኖሮ፣ አባትሽ መብራቱ በጠፋ ቁጥር ባለበት ቀጥ ይላል፤ ሲበራ ይራመዳል። እንዳይጠፋ አድርገን አስተካከልነው። ደረጃው ጋ ቀይ ቀዩን አምፖል ሰብስበን አሰርን። የወረቀት ኮከቦቹን የሰቀልኩት መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ነው። የክብር ቦታ አይደለም፣ ግን በጣም የሚፈለጉት እዚያ ነው።

ይኸው ከሰኞ ወዲህ ብቻውን ይሄዳል፣ ብቻውን ይመለሳል! ልብ በይልኝ፣ አንዴም አልተሳሳተም። ልብስ ሰፊው ለሰፈሩ ሁሉ አውርቶ ሰው በር እያንኳኳ ሊያይ ይመጣል። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ "ከመጀመሪያውም ያሰብኩት እንዲህ ነበር" እላለሁ።

የትናንቱን ደግሞ ስሚ። የተላቀቀ ፕላስተር ልጫን ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል፣ አባትሽ መጣና ክርኔን ያዝ አደረገኝ።

"በዚህ በኩል ነው እመቤት" አለኝ።

ተከተልኩት። ቀዩ ጋ ስንደርስ ቆመ። "እዚህ ጋ ደረጃ አለ፤ እግርዎን ይጠንቀቁ።"

ያ ደረጃ፣ ልጄ! እሱን የጣለው፣ አንቺን ክፍል ያስያዘሽ ደረጃ! ደግፎ አወረደኝ እኮ! እልል ልል ምንም አልቀረኝም። የማድቤቱን ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና፣ ሌላውን ተመልካች እንዳይረብሽ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ፦

"ብቻዎን ነው የመጡት?"

"ባለቤቴ ይመጣል" አልኩት።

"እንግዲያው አይስጉ። እስኪመጣ አጠገብዎ ያለውን ወንበር ለማንም አልሰጥም።"

እውነትም እጁን ወንበሩ መደገፊያ ላይ አድርጎ ቆመልኝ። ብዙ ቆመ። እግሩ እንዳይዝል ብዬ በመጨረሻ "ይኸው፣ መጣ" አልኩትና እጁን ይዤ እዚያው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

ስለዚህ አለቃዬ፣ ያስያዝሽውን ክፍል ለሚያስፈልገው ሰው ልቀቂለት። ገና ሲያልፍ መብራቱ ይወርዳል ብለሽም እንዳታስቢ፤ እንዲያውም ቀይ አምፖል ጨምረሽ ይዘሽ ነይ። መምጣትሽን ብቻ እንዳትተዪ። በር ላይ ማን እንደሆንሽ ቢጠይቅሽ አትዘኚ፣ አታልቅሺ። "ትንሽ አረፈድኩ" በዪው። ቦታሽን ያሳይሻል።

እግርሽ በረገጠበት ሁሉ ብርሃን አይለይሽ። በሰላም አምጥቶ ዓይንሽን ያሳየኝ።

ወንበር የተጠበቀላት
እናትሽ