ስትሄጂ በአንደኛ ማዕረግ

ይድረስ ለልጄ ለብሩክታዊት፦ ባለሽበት በሕንድ ምድር የሚካኤል ጥላ አይለይሽ፤ የምትቀመጪበት ወንበር ሁሉ የሰላም ይሁንልሽ። እኛ ደህና ነን። ሰፈራችን ሲቀላ ሙቀቱ በርትቷል፣ ማንጎው ደርሷል፣ አባትሽም ዓይኑ ከዳነ ወዲህ ጋዜጣ ላይ ተተክሎ እኔን መስማት ትቷል።

ለፈተናው ሃያ ሰዓት ሙሉ በተራው ባቡር ተጣብቀሽ ልትሄጂ እንደሆነ እህትሽ ሩሐማ ነገረችኝ። ኧረ አይሆንም ልጄ! ባለፈው እንቅልፍ አጥተሽ ደርሰሽ የወደቅሽው አይበቃም?

አምና አባትሽን ለዓይኑ ሕክምና አዲስ አበባ ስወስደው በአንደኛ ደረጃ አውቶቡስ ሄድን። ወንበሩ ወደ ኋላ ይለጠጣል። እሱ መንገዱን ሁሉ ተኝቶ ሐኪሙ ፊት ዘና ብሎ ቀረበ። እኔ ግን ቆሎዬን ይዤ "ዝገኑ" ብል የሚዘግን ጠፋ! አንዷማ ሻጭ መስዬአት "እናቴ፣ አልገዛም" አለችኝ።

ስንመለስ በተራው አውቶቡስ መጣን። ለመስቀል ወደ ጨንቻ ከሚገቡ ሸማኔዎች ጋር ተጠጋግተን፣ የእነሱን ዳቦ ከእኔ ቆሎ ጋር እየበላን፣ ሶዶ ሳንደርስ ተዛመድን። አባትሽ "አሁን ገና ዓይኔ ሰው አየ" አለ።

አንቺም ስትሄጂ የሚጠብቅሽ ጉዳይ አለና በአንደኛ ማዕረግ ተኝተሽ ሂጂ። ለእኔ ልትልኪ ያሰብሽውን ገንዘብ ለዚያ አድርጊው፤ ምንም አልጎደለብኝም። ስትመለሺ ግን በተራው ከሰው ጋር ተቀመጪ።

እጅሽ የሚጽፈውን አምላክ ያቅናልሽ። በመልሱ ባቡር ማን ምን እንዳጎረሰሽ ብቻ ጻፊልኝ።

እናትሽ በለጥሽ