ቦይ ውስጥ የተጣለው ወረፋ

ይድረስ እንደ እናት ሆነው ላሳደጉኝ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ምንትዋብ፣
ደብረ ታቦር።

እትዬ፣ ሁዳዴውን እንዴት ይዘውታል? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? ብርዱ አልጎዳዎትም? ጆሮዎን በስልክ ከማስጨነቅ ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት፤ የልጅ ልጅዎ ሀይሚ ቀስ ብላ ታንብብልዎት። ጓሮው፣ ከብቶቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው? ሰላም ውላችሁ ሰላም ታድራላችሁ? እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገንና በአካል ደኅና ነኝ። ያችው ቦሌ ቡልቡላ ያለችው አንዲት ክፍሌ ውስጥ ነኝ። ባለቤቴ ማስተዋል ካረፈች ወዲህ ቤቱ ዝም ቢልም ጸሎቱንም ሽሮ መሥራቱንም ለምጄዋለሁ። ሽሮው አሁንም ያርርብኛል።

ልጅዎ እሸቴ መልእክትዎን አድርሶኛል። ሾላ ገበያ ያለ ሥራውን ጥሎ መጥቶ፣ «እማዬ "ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ፣ በስተርጅና ሥራ ብታጣ ማን ሊጦርህ ነው? ሂድና ተሳስቼ ነው በላቸው፤ ምላስህ አይቆረጥም!" ብላሃለች» አለኝ። አነጋገርዎን እንዳለ ስለቀዳው ሳቄ መጣ። ግን እሸቴ የነገረዎት ከመሀሉ ነው። እኔ ከመጀመሪያው ልንገርዎትና ከዚያ ይቆጡኝ።

የምጠብቀውን ጤና ጣቢያ ስም አልጽፍም፤ ነገሩ የብዙ ቦታ ነው። ሐኪሙ ጥቂት ነው፣ ሕመምተኛው ብዙ። ስለዚህ ሰው ሳይነጋ ይመጣና አጥሩ ሥር ድንጋይ ያስቀምጣል፤ ድንጋዩ ቦታው ነው። ድንጋይ ያጣ ጡብ፣ ጡብ ያጣ ባዶ ሃይላንድ ያስቀምጣል። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል ወይም ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል። ሲመለስ ድንጋዩን እዚያው ያገኘዋል። የሰው ድንጋይ ማንም አይነካም፤ ለጠብ የመጣ ሰው እንኳ አይነካም። በሩ ሲከፈት ሁሉም በድንጋዩ ተራ ይገባል። ክርክር ቢነሣ ዳኛው እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር፣ የመንግሥት አገልግሎት እንዴት እንደሚመራ የሚያጠኑ ሰዎች ከዩኒቨርሲቲ ሊመጡ ነው ተባለ። ኃላፊያችን አቶ ጸጋአብ ሰብስቦን «ሞዴል ልንባል ነው፤ እንዳታዋርዱኝ» አለ። እኔን ለብቻዬ ጠርቶ ደግሞ «ጋሽ ገብሬ፣ ያንን የድንጋይ ካብዎን ነገ ጠዋት እንዳላየው» አለኝ። «የሰው ቦታ ነው፤ አላነሣም» አልኩት። «ድንጋይ ይታከማል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። በማግሥቱ ራሱ ማልዶ መጥቶ ጽዳቶቹን አዘዘና ድንጋዩን ሁሉ አስፋልቱ ዳር ካለው ቦይ አስጣለው። እዚያው ከተገኙት ጥቂቶቹን አዲስ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጠ። ሌላውን «ዛሬ ስልጠና አለ፣ ነገ ኑ» አስባለ።

አዴ ደሪቱ የሚባሉ ባልቴት አሉ። የዚሁ የቡልቡላ የጥንት ሰው ናቸው፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት መሬት ላይ ጤፍ ያጭዱ የነበሩ። ያን ቀን ትንፋሹ የሚያጥረውን የልጅ ልጃቸውን አዝለው ከሁሉ ቀድመው ድንጋያቸውን አስቀምጠው ነበር። ተሳልመው ሲመለሱ «ድንጋዬስ?» አሉኝ። ሰው ሁሉ እኔን አየኝ፤ ዳኛው እኔ ነኛ! አንዱ ጎረምሳ «እማማ፣ ድንጋይዎ ስልጠና ገብቷል» አላቸው። ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ልጁን ወደ ላይ ገፋ አድርገው አዘሉና አስፋልቱን ተሻግረው ከተባረሩት ጋር ተቀመጡ።

ወዲያው አጥኚዎቹ መጡ። ሊና የምትባል ልጅ ናት ዋናዋ። ጸጋአብ «እኛ ጋ ግማሽ ሰዓት እንኳ የሚጠብቅ ሰው የለም» ሲላት ሰማሁ። እሷ ወደ እኔ ዞር ብላ «አባባ፣ ሰው ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የሚመጣው?» አለችኝ። ጸጋአብ በዓይኑ ተቆጣኝ። ዝም ማለት እችል ነበር፣ እትዬ። አፌ ግን እሺ አላለኝም። «ልጄ፣ የዛሬው ወረፋ እዚህ አይደለም፤ ቦይ ውስጥ ነው» አልኳትና ወስጄ አሳየኋት። ብዙ ቆማ ቁልቁል አየች። ከዚያ አስፋልቱን ተሻግራ አዴ ደሪቱ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሐኪሙም የተባረሩት ሲንጫጩ ሰምቶ ወጥቶ ልጁን አስገባው፤ ተርፏል፣ ይመስገነው።

ከዚያ ወዲህ ጸጋአብ አንቱታውን ተወው። «ሰዎቹን አሳስተሃል። አርብ በሠራተኛ ስብሰባ፣ ልጅቷም ባለችበት፣ ተነሥተህ ተሳስቼ ነው ትላለህ፤ አለዚያ ኮንትራትህ አይታደስም» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ማስተዋል ስታርፍ ሠልስት እስኪወጣ ድንኳን ውስጥ አብሮኝ ተቀምጧል። «እኔስ ሐኪም ከየት ላምጣ?» ብሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው። ግን እትዬ፣ ይህችኑ ለልጅቷ ቢላት ምን ነበረበት? ሰው በወንበር ልክ ተቀምጦ ያየ አጥኚ «እዚህስ ሐኪም ሞልቷል» ብሎ ይጽፋል። ያንን የሚያነብ ባለሥልጣን ደግሞ ሐኪም አይጨምርም። ወረፋውን የደበቀ ሕመምተኛውን ነው የደበቀው። ሊና ሰሞኑን ደውላ «ችግር ከመጣብዎት የተናገሩትን ከጥናቱ ላወጣው እችላለሁ» አለችኝ። «አንዲት ቃል እንዳትነኪ» አልኳት።

ራሴንም መርምሬአለሁ። ታክሲ ተራው ጋ ያሉት ልጆች «ፋዘር፣ አንበሳ!» እያሉ ትከሻዬን ሲመቱኝ ደስ አለኝ። ከዚያም መንገድ ሳይኖረኝ በእነሱ በኩል ማለፍ ጀመርኩ፣ እንደገና እንዲሉኝ። ይህ አስፈራኝና ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። «ስለ ውዳሴው ስገድ፤ እውነት በመናገርህ ይቅርታ ብትጠይቅ ግን እኔው ራሴ አልፈታህም» አሉኝ። እየሰገድኩ ነው። ወገቤ ይመሰክራል።

እትዬ፣ ለእርስዎ እግር እወድቃለሁ፤ ለዚህ ነገር ግን አልወድቅም። ተሳስቼ ቢሆን ገና ሳልጠየቅ እል ነበር። አልተሳሳትኩም። ስለ እንጀራው አይጨነቁ፤ ሩዋንዳ ሰፈር አንድ የእንግዳ ማረፊያ ጥበቃ ይፈልጋል ብለውኛል። እሱም ካልሆነ ከእሸቴ ጋር ሽንኩርት እሸጣለሁ። ጸጋአብ በሩን ቢዘጋብኝ ከበሩ ውጭ ያለው ሰው ይበዛል፤ እዚያ እቆማለሁ።

ለሀይሚ፣ በትምህርቷ እንድትበረታ ሰላም በሉልኝ። ለአባ መምሬ፣ በሥርዓተ ቅዳሴው እንዲያስቡኝ። ለጠየቀኝ ጎረቤት ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ፤ ላልጠየቀኝም ይድረስ።

ነገ አርብ ነው። ይህ እጅዎ ሲገባ ተነሥቼ እምቢ ብያለሁ፤ ስለዚህ ሥራዬን እንዳላጣ አይለምኑልኝ። ስናገር ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ብቻ ይለምኑልኝ። ቀኑ አልፏል ብለው አይተዉት፤ እግዚአብሔር የዛሬን ልመና ለትናንት ያውላል ብዬ አምናለሁ።

ታዛዥ ወንድምዎ ገብረየስ
አዲስ አበባ፣ ቦሌ ቡልቡላ
ሐሙስ፣ መጋቢት ፲፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.