ረቂቅ ነው ማለቴ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ከሰ. 11፡30
ደብተሬ፣ ዛሬም ጣቶቼ ቢጫ ናቸው። ከት/ቤት እንደወጣሁ በባጃጅ የቡሬውን መንገድ ይዤ ከፍኖተ ሰላም ወጣ አልኩና ኑግ ማሳ ዳር ሸራዬን ዘረጋሁ። ነፋሱ ሁለቴ ጣለብኝ። ጎጆ የለ፣ በሬ የለ። የኑጉ ቢጫ፣ የጤፉ አረንጓዴ፣ የዋልካው አፈር ጥቁር። መሃል ላይ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር፣ ደስ ስላለኝ ብቻ። ስልኬ ላይ የማያቸው ረቂቅ ሥዕሎች ልቤን ወስደውታል። ማሳ ሳይመስሉ ማሳ ማሳ ይሸታሉ!

የኔው ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ምን? እንጃ።

ቡሬ ላይ ዓውደ ርዕይ አለ። ከየትምህርት ቤቱ አንድ ሥዕል፣ በር/መምህሩ ፊርማና ማኅተም። ዘጠኝ ዓመት ሥዕል ሳስተምር የኔ ሥዕል ከመምህራን ክፍል ወጥቶ አያውቅም። ይኸኛው እንዲወጣልኝ እፈልጋለሁ። በጣም።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ
ር/መምህሩ ጋሽ ታፈረ አዩት። አዙረው፣ ዘቅዝቀው። ምንድን ነው አሉ። ረቂቅ ነው አልኳቸው። ፊታቸው በራ። ጥሩ ጅምር ነው፣ ዋናውን እስከ ማክሰኞ አምጪ፣ ረቂቅ ላይ ማኅተም አይመታም አሉኝ። ለካ እንደ ረቂቅ ደብዳቤ ቆጥረውታል! ላስረዳ ስል ስብሰባ ገቡ። ሳቅሁ። ቆይቼ ደግሞ በገንሁ።

የፏፏቴው ሥዕሌ አለ እርግጥ። ጎጆ፣ ፏፏቴ፣ ሁለት በሬ። ሰው ሁሉ ይወደዋል። እኔ ሰልችቶኛል።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ፣ ጧት 1፡30
ማሳው ዳር ነኝ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ብሩሼን ዘርግቼ ርቀት ስለካ የማሳው ባለቤት አያ ቢሻው ከች። ስድሳ ያለፋቸው ገበሬ ባርኔጣቸውን አውልቀው “እርስዎ” ይሉኛል። የመሬት ልኬታ ባለሙያ መስያቸው! ሸራውን አተኩረው አዩና፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ በጣታቸው፦

“ይኸ የኔ ኑግ። ይኸ የመኮነን ጤፍ። ይኸ ጥግ ውኃ የሚተኛበት ዋልካ።”

አንዱንም አልሳቱ! ሥዕሌን ያነበበልኝ የመጀመሪያው ሰው። ልቤ ዘለለ። ቀዩ መስመር ላይ ሲደርሱ ግን ጠቆሩ። ግማሽ ጥማድ ቆርጠው ለጎረቤቴ ሰጡብኝ እኮ አሉ። ደንግጬ ረቂቅ ነው አልኩ። (ይችን ቃል መቼ ነው የምተዋት?) እፎይ አሉ። ረቂቅ ከሆነማ ይታረማል፣ ነገ ከቅዳሴ መልስ መኮነንን ይዤ እመጣለሁ ብለው ገሰገሱ። መምህርት ነኝ ለማለት እንኳ አልደረስሁም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ
አያ ቢሻውና አያ መኮነን ጋቢያቸውን ለብሰው ማሳው ዳር መጡ። ቶሎ እውነቱን ነገርኳቸው፦ አስተማሪ ነኝ፣ ሥዕል ነው፣ መሬታችሁን የሚነካ የለም። አያ ቢሻው እስኪያስላቸው ሳቁ። “እርስዎ” እዚያው ቀረ።

“አንች ልጅ፣ እንቅልፍ ነሥተሽኝ አደርሽ!”

አፈርሁ። ይቅርታ ጠየቅሁ። አበቃ ስል፣ ምን ሲደረግ! ሥዕልም ቢሆን ወሰናችን በትክክል ይግባ አሉ። ሸራው ፊት ቁጢጥ ብለው ተከራከሩ። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ። በመጨረሻ ተስማሙ፤ መስመሩ ቀጥ አይልም፣ ዋልካውን ዞሮ ወደ ታች ይጠመዘዛል። ጠመዘዝሁት።

ደብተሬ፣ ሥዕሉ ነፍስ ዘራ! የጎደለው እሱ ነበር። አያ መኮነን አሁን መሬቴን አወቅሁት አሉ። እንባዬ መጣ፣ ከደስታ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ፣ ዕረፍት ሰዓት
ፏፏቴውን ትቼ ይኸኛውን ብቻ ይዤ ገባሁ። ጋሽ ታፈረ ዋናው ነው ወይ አሉ። ዋናው ነው አልኩ። ሲያዩት፣ ሲያዩት ቆዩ። እንግዲህ አንቺ ካልሽ አሉና መሸኛ ወረቀቱ ላይ ፈረሙ። ማኅተሙን እፍ፣ እፍ ብለው ሸራው ላይ ጧ! ወረቀቱ ላይ መስሎኝ ስጠብቅ፣ ቢጫው ኑግ መሃል፣ ክብ፣ ወይን ጠጅ። መጮኽ አማረኝ። ከዚያ ራቅ ብዬ አየሁት። ቢጫ ላይ ወይን ጠጅ እኮ እኔም ብሆን የምመርጠው ነው።

አልሸፍነውም። ዓርብ እንዲሁ እንዳለ ይዤው ቡሬ እሄዳለሁ።